በማኅተም ቀራጭ ሌዘር የተቀረጸ ላሜራ በበረዶ ላይ ይንሸራተታል?

ጥያቄው፦ «አምስት ኪሎ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የስቴንለስ ስቲል ገጽን በሌዘር ቀርጬ በብናኝ በረዶ ላይ ያለውን ሰበቃ መቀነስ እፈልጋለሁ። ፌምቶሴኮንድ ሌዘር (እጅግ አጭር የብርሃን ምት የሚያወጣውን) አላገኘሁም፤ ማኅተምና ዋንጫ የሚቀርጹ ቤቶች ያላቸውን 20 ዋት ፋይበር ሌዘር ግን በሰዓት መከራየት እችላለሁ። በረዶውን በዲፕ ፍሪዘር ልሠራ አስቤአለሁ። ለሙከራ ያስቀረጽኩት የመጀመሪያው ላሜራ ካልተቀረጸው ይልቅ በረዶው ላይ ይዞ ቀረ። ምን አጠፋሁ? በዚህ መሣሪያ የሚረባ ውጤት ይገኛል ወይ?»

ይገኛል። ውጤቱን የሚወስነው ግን ላሜራው ከማሽኑ ከወጣ በኋላ የሚሠራበት ሥራ ነው። የእርስዎ ላሜራ የያዘው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። የሚከራዩት ፋይበር ሌዘር ናኖሴኮንድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የብርሃን ምቱ (ፐልሱ) በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ይለካል። ከእሱ በቀጥታ የወጣ ገጽ ሳይራገፍና ሳይታከም በረዶ ላይ ከተቀመጠ በደንብ ከለሰለሰ ብረት የባሰ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። በየመስመሩ ግራና ቀኝ ቀልጦ የረጋ የብረት እብጠት ይኖራል፤ እሱ የበረዶውን ቅንጣት እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። በዚያ ላይ አዲሱ የኦክሳይድ ገጽ ውሃን አጥብቆ ይስባል። ሁለቱ ሳይወገዱ የመስመሮቹን ርቀትና ጥልቀት ማፈራረቅ ጊዜና የኪራይ ገንዘብ ማባከን ነው።

በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ነገር የሚሄደው በቀጭን የውሃ ሽፋን ላይ ነው። ክብደት በረዶውን ተጭኖ ያቀልጠዋል የሚለው የቆየ ማብራሪያ በቁጥር ሲፈተሽ አይቆምም። የበረዶን መቅለጫ በ1 ዲግሪ ብቻ ለማውረድ 135 ባር ያህል ግፊት ያስፈልጋል፤ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ በሰው ክብደት የሚያሳርፈው አማካይ ግፊት ግን 3 ኪሎፓስካል ገደማ፣ ማለትም 0.03 ባር ነው። በረዶውን በእውነት የሚነካው ከገጹ ጥቂት በመቶው ብቻ ቢሆንና ግፊቱ እዚያ ላይ ቢሰበሰብ እንኳ አይደርስም። ተመራማሪዎቹ ቦውደንና ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ1939 እንዳሳዩት ውሃውን በአብዛኛው የሚያፈልቀው ሰበቃው ራሱ የሚፈጥረው ሙቀት ነው። ሙቀትን በደንብ የሚያስተላልፍ ዕቃ ከማያስተላልፈው የበለጠ ሰበቃ እንዳለበትም ያኔውኑ አሳይተዋል። ለእርስዎ ሥራ ዋናው ቁም ነገር ይህ ሁለተኛው ነው፤ ብረት የሚፈጠረውን ሙቀት ከንክኪው ነጥብ እየጠጣ ይወስደዋልና።

ስለዚህ ከሌዘሩ በፊት የብረቱን ዓይነትና ውፍረት ያስቡ። አልሙኒየም 6061 ሙቀትን በ167 ዋት በሜትር በኬልቪን ያስተላልፋል፣ ስቴንለስ 304 በ16 ገደማ፤ የስኪ መርገጫ (በረዶውን የሚነካው የታችኛው ገጽ) የሚሠራበት ፖሊኤትሊን የተባለው ፕላስቲክ ደግሞ ወደ 0.4 ነው። ከገበያ በቀላሉ ከሚገኙት ብረቶች ስቴንለስ 304 የተሻለው ነው። ቲታኒየም ቅይጥ ወደ 7 ስለሚወርድ ይበልጠዋል፤ ዋጋው ግን ለዚህ ሥራ አያዋጣም። ውፍረቱን 1 ሚሊሜትር ያድርጉና ከጀርባው እንጨት ይለጥፉበት። 304 ላይ ሙቀት በ1 ሴኮንድ ውስጥ ወደ 2 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚዘልቀው፤ ስለዚህ 1 ሚሊሜትር ላሜራ ከጀርባው ከተሸፈነ ፈጥኖ ይሞቃል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይቆያል። 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ብረት ከተጠቀሙ ግን ቅርጹ ምንም ይሁን ምን በደረቅ ብርድ ይሸነፋሉ።

ከጀርባው የሚለጠፈው ፕላስቲክ ቢሆን አልመክርም። ከክፍል ሙቀት ወደ ፍሪዘር ሲገባ 100 ሚሊሜትር ስቴንለስ በ0.06 ሚሊሜትር ያህል ያጥራል፤ ፖሊኤትሊን ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ያጥራል። ጥንዱ ስለሚቀስት በረዶውን የሚነካው በሁለቱ ጫፍ ወይም በመካከሉ ብቻ ይሆናል፤ እርስዎም የቅርጽ ልዩነት የለኩ እየመሰለዎት የለኩት መቀሰቱን ይሆናል። ጥሩ ደረቅ ኮምፐርሳቶ በሲሊኮን ማጣበቂያ ይበቃል። የላሜራውን የፊት ጫፍ ወደ ላይ ማጠፍ ወይም ቢያንስ በ5 ሚሊሜትር ራዲየስ ማክበብ አይዘንጉ፤ የጎኖቹንም ስለት ይስበሩ። ስለታም የፊት ጠርዝ በረዶውን ሲያርስ የሚመጣው መያዝ ከገጹ ሰበቃ ሊበልጥ ይችላል። ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ቅርጹን በተመለከተ፣ በሌዘር ገጽ ቀረጻ ላይ የሚያነቧቸው ብዙ ጽሑፎች ስለ ጥቃቅን ክብ ጉድጓዶች ናቸው። ያ መስመር በእስራኤሉ ቴክኒዮን በኢዝሃቅ ኤትሲዮን ከ1990ዎቹ ጀምሮ የዳበረ ሲሆን መነሻው በፈሳሽና በዘይት የሚሠሩ የማሽን ክፍሎች ናቸው፤ ፈሳሽ እንዳያፈስ የሚያግዱ የፓምፕ ሲሎች፣ የፒስተን ቀለበቶችና የመሳሰሉት። እዚያ የማያቋርጥ የፈሳሽ ሽፋን አለ፣ ጉድጓዱም በፈሳሹ ውስጥ ግፊት ፈጥሮ ሁለቱን ገጾች ያራርቃል። ብናኝ በረዶ ላይ ግን ላሜራው የሚያርፈው ከ0.2 እስከ 1 ሚሊሜትር በሚሆኑ የተበታተኑ ቅንጣቶች ጫፍ ላይ ነው፤ በመካከላቸው አየር አለ፣ ውሃውም በየንክኪው ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጉድጓዱ የዘይቱን ዓይነት መነሣት አይጠብቁ። የሚሰጠው ጥቅም የንክኪውን ስፋት መቀነስ ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ላሜራው ሲቆም በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ መርጋቱ ነው። ያን ጊዜ የመነሻው ሰበቃ ከተለሰለሰው ብረት በላይ ይሆናል። የእርስዎ ሙከራ ከቆመበት የሚነሣ ከሆነ ጉድጓድ መጥፎ ምርጫ ነው።

እኔ በእርስዎ መሣሪያ የምመርጠው በመንሸራተቻው አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጥ ያሉ መስመሮችን ነው። መግቢያና መውጫ ስላላቸው ውሃው አይታሰርም፤ ዜሮ ዲግሪ አጠገብ ሲሆንም በላሜራውና በበረዶው መካከል የሚፈጠረውን የውሃ መምጠጥ ይሰብራሉ። መጠናቸውን የሚወስነው የበረዶው ሙቀት ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪን ሲያልፍ ውሃው ስለሚያንስ ሥራው ከደረቅ ፍትጊያ ይቀርባል፤ እዚያ ጥልቅ ቅርጽ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ከዜሮ በታች ከ10 እስከ 2 ዲግሪ ባለው ክልል የውሃው መጠን ተመጣጣኝ ነው፤ ዝቅተኛው ሰበቃ በአብዛኛው ወደዚህ ክልል ሞቅ ያለ ጫፍ ይገኛል። ወደ ዜሮ ሲጠጋ ውሃው ይበዛና መጎተት ይጀምራል፣ ሰፊና ጠለቅ ያለ መስመርም የሚረዳው ያኔ ነው። የስኪ ባለሙያዎችም የመርገጫውን ገጽ በድንጋይ ሲስሉ ለቀዝቃዛ በረዶ ደቃቅ፣ ለእርጥብ በረዶ ሻካራ መስመር የሚያወጡት ለዚሁ ነው።

ለመጀመር ሦስት ዓይነት ላሜራ ይበቃዎታል፤ መጠኑ ለሁሉም 100 በ40 ሚሊሜትር ይሁን። አንዱ የተለሰለሰና ያልተቀረጸ። ሁለተኛው በየ0.25 ሚሊሜትሩ መስመር ያለበት፣ ጥልቀቱ 5 ማይክሮን ገደማ። ሦስተኛው በየ0.5 ሚሊሜትሩ፣ ጥልቀቱ ከ20 እስከ 30 ማይክሮን። ጉድጓድ መሞከር የግድ ከሆነ ስፋቱ 55 ማይክሮን፣ ከመካከል እስከ መካከል 154 ማይክሮን ርቀት ያድርጉ፤ ይህ የገጹን 10 በመቶ ይሸፍናል።

አሁን ወደ ማሽኑ። 160 ሚሊሜትር የፎከስ ርቀት ያለው ሌንስ የተለመደ ነው፤ 110 በ110 ሚሊሜትር ሜዳ ይሰጣል፣ የሌዘሩ ነጥብ ስፋትም ወደ 45 ማይክሮን ይሆናል። ላሜራው ከዚህ ሜዳ እንዳይበልጥ ያድርጉ፤ ሁለት ጊዜ አንሥቶ በማገናኘት የሚቀረጽ ሥራ በመገጣጠሚያው ላይ ከመንሸራተቻው አቅጣጫ ጋር የሚጋጭ ጠባሳ ይተዋል። ቀራጮቹ ለማኅተም የሚጠቀሙበት መቼት በሙሉ ኃይል፣ በ20 ኪሎኸርዝ ነው እንበል። ያ በአንድ ፐልስ 1 ሚሊጁል ነው፤ በ45 ማይክሮን ነጥብ ላይ ሲያርፍ በመካከሉ 120 ጁል በካሬ ሴንቲሜትር ይደርሳል። ብረቱን ለመንቀል ከሚያስፈልገው እጅግ የበዛ ስለሆነ ብረቱ ቀልጦ ወደ ጎን ይረጫል፣ እብጠቱም ይከመራል። ለማኅተም ጥልቀቱ ይፈለጋል፤ ለእርስዎ ግን ጥፋት ነው።

መነሻዎ ይህ ይሁን፦ ኃይል 40 በመቶ፣ 40 ኪሎኸርዝ፣ ፍጥነት 800 ሚሊሜትር በሴኮንድ። በአንድ ፐልስ 0.2 ሚሊጁል ይሆናል፣ ፐልሶቹም በ20 ማይክሮን ርቀት ይደራረባሉ። ጥልቀት ሲፈልጉ ኃይሉን ከመጨመር ይልቅ ዙሩን ይጨምሩ፤ ደካማ ሦስት ዙር ከብርቱ አንድ ዙር ያነሰ እብጠት ይተዋል። ማሽኖች ስለሚለያዩ በቁራጭ ላሜራ ላይ 5 በ5 ሚሊሜትር የሆኑ ካሬዎችን ኃይሉንና ዙሩን እየቀያየሩ ያስቀርጹ፣ ጥልቀታቸውን ለክተው ይምረጡ። ማይክሮስኮፕ ላይ ፎከሱን ከላይኛው ገጽ ወደ ታችኛው ሲያወርዱ መንኮራኩሩ የሄደበትን መጠን ማንበብ ለ20 ማይክሮን ያህል ጥልቀት ይሠራል፤ ለ5 ማይክሮን ግን በፕሮፋይሎሜትር (የገጽን ከፍታና ዝቅታ በሚለካ መሣሪያ) ማስለካት ይሻላል።

የሚከራዩት ማሽን የፐልሱን ርዝመት የሚቀይር፣ በተለምዶ «ሞፓ» የሚባለው ዓይነት መሆኑን ይጠይቁ። ከሆነ ከ100 ናኖሴኮንድ በላይ ከሆነው ወደ 10 ወይም 20 ናኖሴኮንድ ያውርዱት፤ የቀለጠው ብረት ይቀንሳል፣ ጠርዙም ንጹሕ ይሆናል። ተራው ማሽን ከሞፓው በትንሽ ብር ቢረክስም በማራገፍ ሥራ ያስከፍልዎታል።

ሌላ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር የመስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ ነው። ጨረሩን የሚያንቀሳቅሱት የማሽኑ መስተዋቶች ሲነሡና ሲቆሙ ፍጥነታቸው ስለሚቀንስ ፐልሶቹ እዚያ ተደራርበው ጥልቅ ቀዳዳ ያወጣሉ። ማሽኑን በሚያዝዘው ፕሮግራም፣ በኢዝካድ፣ የመዘግየት መቼቶቹን ማስተካከል ይቻላል፤ ከዚያ ይልቅ ቀላሉ መላ እያንዳንዱን መስመር ከላሜራው ጠርዝ 2 ሚሊሜትር አሳልፎ መሳል ነው። ቀዳዳው አየር ላይ ይወድቃል። ከሥር አሮጌ ብረት ያንጥፉ፣ ጠረጴዛው እንዳይቀረጽ። 0.25 ሚሊሜትር ርቀት ባለው ላሜራ ላይ 160 መስመር ይኖራል፣ አንዱ ዙር ከ25 ሴኮንድ ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ የኪራዩ ሰዓት የሚያልቀው ፎከስ በማስተካከልና ላሜራውን በማስተኛት ነው። በጥንቃቄ ያስተኙት፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የግማሽ ሚሊሜትር መዛነፍ የመስመሩን ስፋትና ጥልቀት ይለውጣል።

ስለ ደኅንነት ሳልናገር አላልፍም። የዚህ ሌዘር 1064 ናኖሜትር ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ ከስቴንለስ ላይ ነጥሮ የመጣ ጨረር ግን የዓይን መረብን እስከ ወዲያኛው ያቃጥላል። በየሱቁ ያሉት ማሽኖች ብዙዎቹ ክፍት ናቸው። ለዚሁ የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ይዘው ይሂዱ፤ የፀሐይ መነጽር ወይም የብየዳ መስተዋት ምትክ አይሆንም። የስቴንለስ ጭስ ክሮሚየምና ኒኬል ያለበት እጅግ ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ጭስ መምጠጫ በሌለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዓት መቀመጥ የለብዎትም፣ ቀራጩም እንደዚሁ።

ከመቀረጹ በፊት ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት በ400፣ በ800፣ በ1200 እና በ2000 ቁጥር በተራ ያለስልሱ፤ የመጨረሻውን ሁለት ደረጃ በመንሸራተቻው አቅጣጫ ብቻ ይሂዱ። ከተቀረጸ በኋላ ደግሞ 2000 ቁጥሩን ወፍራም የመስኮት መስተዋት ላይ ያንጥፉ፣ በሳሙና ውሃ ያርጥቡት፣ ላሜራውን ፊቱን ደፍተው በራሱ ክብደት ብቻ፣ ሳይጫኑ፣ በመስመሩ አቅጣጫ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያመላልሱት። ዓላማው የእብጠቱን አናት ከገጹ ጋር ማስተካከል ነው፤ ከበዛ 5 ማይክሮን የነበረውን መስመር ይበሉታል። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ የለስላሳ ጥጥ ቁራጭ በመስመሮቹ አግድም ይጎትቱበት። ጭረቱ ጥጡን ከያዘ እብጠት አለ፣ ይድገሙት።

ከዚያ በውስጡ የቀረውን ብናኝ ማውጣት ነው። የጥርስ ክሊኒኮችና ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የአልትራሳውንድ ማጠቢያ ለዚህ ተስማሚ ነው፦ 10 ደቂቃ በአሴቶን፣ 10 ደቂቃ በአልኮል፣ በተጣራ ውሃ ማለቅለቅ። አሴቶኑን በቀጥታ ወደ ማጠቢያው አያፍስሱ፤ በተከደነ የብርጭቆ ዕቃ አድርገው ዕቃውን በውሃው ውስጥ ያቁሙት፣ ተቀጣጣይ ነው። ከእንጨቱ ጋር ማጣበቅ የሚመጣው ከዚህና ከሚቀጥሉት የመዘፍዘፊያ ሥራዎች በኋላ ነው።

ሌዘሩ የስቴንለሱን መከላከያ ሽፋን ስለሚያበላሸው እርጥብ በረዶ ላይ ከቆየ በመስመሩ ውስጥ የዝገት ነጥብ ሊወጣ ይችላል። ከ4 እስከ 10 በመቶ በሆነ የሲትሪክ አሲድ ውህድ፣ በ50 እና በ60 ዲግሪ መካከል፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቢዘፈዝፉት ሽፋኑ ይታደሳል።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ የገጹ ኬሚስትሪ። ከሌዘር የወጣ ብረት መጀመሪያ ላይ ውሃ ሲነካው ጠብታው ወዲያው ይነጠፋል። በተራ አየር ውስጥ ሲቆይ ግን ከአየሩ የሚመጡ የካርቦን ውህዶች ገጹ ላይ እየተለጠፉ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ውሃ የሚገፋ ይሆናል። ስለዚህ ሰኞ የተቀረጸና ከሁለት ሳምንት በፊት የተቀረጸ ላሜራ አንድ ዓይነት ቅርጽ ቢኖራቸውም በበረዶ ላይ አንድ አይደሉም። መሀል ከተማ ውስጥ፣ የመኪና ጭስ በሚገባበት ክፍል፣ ይህ ለውጥ ምን ያህል እንደሚፈጥን መቆጣጠር አይቻልም። በራሱ ጊዜ ይለወጥ ብሎ መተው ጥሩ የምርምር ዘዴ አይደለም፤ እርስዎ ራስዎ ይለውጡት።

በእጅ የሚገኘው መንገድ ስቴሪክ አሲድ ነው፤ ሻማና መዋቢያ የሚሠሩ ሰዎች ይጠቀሙበታል። 2.8 ግራም በ1 ሊትር ኤታኖል ያሟሙ፣ ላሜራውን 24 ሰዓት ይዘፍዝፉ፣ በንጹሕ ኤታኖል ያለቅልቁ፣ በ70 ዲግሪ 1 ሰዓት ያድርቁ። አልሙኒየምና መዳብ ላይ በጠንካራው ይይዛል፤ ስቴንለስ ላይ ደከም ይላል፣ ከብዙ ዙር መንሸራተት በኋላም ይለቃል። አልኪል ሳይሌን (ገጹ ላይ ተጣብቆ ውሃ የሚገፋ ኬሚካል) ከውጭ ማስመጣት ከቻሉ የተሻለ ይቆያል። ፍሎሪን ያለባቸውን ቅባቶች ግን ይተዉአቸው። በተፈጥሮ የማይበሰብሱ ናቸው፤ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽንም ከ2023–24 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከልክሏቸዋል። የብረት መርገጫና የሌዘር ቅርጽ ዛሬ ትኩረት የሚስቡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ የፍሎሪኑን ቦታ የሚተካ ነገር ይፈለጋል።

ሕክምናውን ሲያደርጉ ያልተቀረጸውንም ላሜራ አብረው ይዘፍዝፉ። ካልሆነ «ሌዘሩ ሰበቃ ቀነሰ» የሚለው መደምደሚያዎ «ስቴሪክ አሲድ ሰበቃ ቀነሰ» ከሚለው አይለይም፤ ፈታኝዎም መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የተለሰለሰ ያልታከመ፣ የተለሰለሰ የታከመ፣ የተቀረጸ ያልታከመ፣ የተቀረጸ የታከመ፤ አራቱም ያስፈልጋሉ። የውሃውን ጠብታ በስልክ ካሜራ ከጎን አንሥተው ማዕዘኑን ይለኩ፤ ከመንሸራተቱ በፊትና በኋላ። ከ150 ዲግሪ በላይ ቢያገኙ እንኳ ቶሎ አይደሰቱ። ይህ ማዕዘን በክፍል ሙቀት የተገኘ ነው፤ በፍሪዘር ውስጥ ከአየሩ የሚመጣ እርጥበት በመስመሩ ውስጥ ውርጭ ሆኖ ከተቀመጠ ውሃ የመግፋቱ ነገር ያበቃል። ላሜራውን ሲሊካ ጄል ባለበት ዚፕ ከረጢት አሽገው 2 ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ያቀዝቅዙት፣ ከረጢቱንም እዚያው ውስጥ ይክፈቱት። በሐምሌና በነሐሴ ይህን ጥንቃቄ ማለፍ ጨርሶ አይቻልም። ሳይቀዘቅዝ የገባ ላሜራ ደግሞ በረዶውን አቅልጦ ይለጠፋል፤ ምናልባት የመጀመሪያው ሙከራዎ ላይ ይህም ድርሻ ነበረው።

በረዶውን ከተጣራ ውሃ፣ ለባትሪ ከሚሸጠው ዓይነት፣ ያርጉት። ከረጋ በኋላ ፈጭተው በወንፊት ከ0.25 እስከ 1 ሚሊሜትር ያለውን ይለዩ። ወንፊቱም ዕቃውም አስቀድሞ ፍሪዘር ውስጥ የቀዘቀዘ ይሁን። 900 በ120 ሚሊሜትር በሆነ ገበታ ላይ 40 ሚሊሜትር ከፍታ ለመሙላት፣ በሊትር ግማሽ ኪሎ እንዲሆን አድርገው ሲጠቀጥቁት፣ ወደ 2.2 ኪሎ ይፈጃል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዲያያዙ 24 ሰዓት ይተዉት፤ በእያንዳንዱ ተከታታይ ሙከራ መካከል ላዩን በብረት ማስመሪያ ይጥረጉት። መብራት ሄዶ ከተመለሰ፣ ሙቀቱም ወደ ዜሮ ከተጠጋ፣ ያ በረዶ አልቆለታል። ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ጠጣር ግግር ይሆናሉና ይድፉት፣ እንደገና ያዘጋጁ። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ያለፈውን ከፍተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ዓይነት ይሁን።

ተራ ዲፕ ፍሪዘር ከዜሮ በታች ወደ 18 ዲግሪ ነው የሚያዘው፤ ያ ደግሞ ለብረት ከባዱ ክልል ነው። በርካሽ የሚገኝ የውጭ ቴርሞስታት ገመዱ ላይ ቢያስገቡ ከዜሮ በታች 10 እና 3 ላይ ማቆም ይችላሉ፤ ቅርጹ ልዩነት የሚያሳየው ይበልጡን እዚያ ነው። ከላይ የሚከፈተውን ዓይነት፣ ውስጡ ከ1 ሜትር የሚረዝመውን ይምረጡ፤ ክዳኑ ሲነሣ ቀዝቃዛው አየር አይፈስም። ሙቀቱን ከአየሩ ሳይሆን ከበረዶው ገጽ 5 ሚሊሜትር ዝቅ ብለው ይለኩ።

መለኪያው ተዳፋት ይሁን። የስኪን ግፊት ለመምሰል በ100 በ40 ሚሊሜትር ላሜራ ላይ ጠቅላላው ክብደት 1.2 ኪሎ ይበቃል። ገበታውን 10 ዲግሪ ካዘነበሉት፣ የሰበቃ ቁጥሩ (የሰበቃው ኃይል ላሜራው በረዶውን ለሚጫንበት ኃይል ሲካፈል) 0.05 የሆነ ላሜራ 0.8 ሜትሩን በ1.15 ሴኮንድ ይጨርሳል፣ 0.04 የሆነው በ1.10። ልዩነቱ የሴኮንድ ሃያኛ ብቻ ስለሆነ በእጅ ሰዓት መያዝ አይታሰብም፤ ላሜራው ሲያልፍ የሚለዩ ሁለት የብርሃን በሮችና ጊዜውን የሚመዘግብ አንድ አርዱዊኖ (በፕሮግራም የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ያስፈልጋሉ። ከጊዜው ይልቅ የሚያሳስበኝ ማዕዘኑ ነው። ግማሽ ዲግሪ ስህተት በሰበቃ ቁጥሩ ላይ 0.009 ይጨምራል፣ ይህም ሊለኩት ከተነሡት ልዩነት ጋር እኩል ነው። በስልክ የማዕዘን መለኪያ አይተማመኑ፤ የገበታውን ሁለት ጫፍ ከፍታ በሚሊሜትር ይለኩ። በ800 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ የ1 ሚሊሜትር ስህተት 0.0013 ብቻ ነው የሚያመጣው።

በረዶው በእያንዳንዱ መንሸራተት እየተወለወለ ስለሚሄድ አንዱን ላሜራ አሥር ጊዜ፣ ከዚያ ሌላውን አሥር ጊዜ ማስኬድ ኋለኛውን ያለ ሥራው ያስመሰግነዋል። ሀ፣ ለ፣ ለ፣ ሀ እያሉ ያፈራርቁ፤ በታደሰ በረዶ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መንሸራተቶች አይቁጠሩ። የዚህ ተዳፋት ከፍተኛ ፍጥነት ወደ 1.4 ሜትር በሴኮንድ ነው፤ የስኪ ውድድር ፍጥነት ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሆነ የሚፈጠረው የውሃ መጠንም ይለያል። በጽሑፍዎ ውስጥ ሥራው በዝቅተኛ ፍጥነት፣ በተጠቀጠቀ የበረዶ ቅንጣት ላይ የተደረገ መሆኑን ይጻፉ። የተፈጨ በረዶ ያረጀ ወይም በማሽን የተሠራ ብናኝ በረዶን ይመስላል፤ አዲስ የወረደውን ባለ ኮከብ ቅንጣት አይወክልም።

ፌምቶሴኮንድ ሌዘር የሚያወጣው ሞገድ መሰል ቅርጽ በናኖሴኮንዱ አይገኝም። የእነዚያ ሞገዶች ርቀት ከሌዘሩ የሞገድ ርዝመት ጥቂት ያነሰ ነው፤ በ1030 ናኖሜትር ሌዘር ከ700 እስከ 900 ናኖሜትር ይሆናል፣ አቅጣጫቸውም ለብርሃኑ ፖላራይዜሽን (ሞገዱ ለሚርገበገብበት አቅጣጫ) ቀጤ ነው። ብረቱ በአንድ ፐልስ የሚያገኘው ኢነርጂ ከ1 ጁል በካሬ ሴንቲሜትር በታች ስለሆነ እብጠት አይተዉም ማለት ይቻላል። ውጭ አገር ካለ ላቦራቶሪ ጋር ለመተባበር ዕድል ካገኙ ያለሰለሱትን ላሜራ ይላኩ፣ ሕክምናውንና የበረዶውን ሥራ እዚሁ ያድርጉ። ያኔ ያዘጋጁት ተዳፋት ለሁለቱም ሌዘር አንድ ዓይነት ፈራጅ ይሆናል።

አማካሪዎ «በረዶ በሌለበት አገር ለምን?» ካሉዎት፣ ሮቤል ተክለማርያም ኢትዮጵያን ወክሎ በ2006 የቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ በስኪ መወዳደሩን ማስታወስ ይቻላል። ከዚያ የሚበልጠው መልስ ግን በዚህ ሥራ የሚማሩት ገጽ የማዘጋጀት፣ ውሃ የመግፋትና ትንሽ ሰበቃን የመለካት ችሎታ ለፓምፕ ሲልም ለምግብ ማሽንም የሚያገለግል መሆኑ ነው።

ከሁሉ በፊት ሌዘር ቤት ሳይሄዱ ያልተቀረጸውን የተለሰለሰ ላሜራ ብቻ ይዘው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ አሥር ጊዜ ያንሸራትቱት። የሰበቃ ቁጥሩ ከአማካዩ በ10 በመቶ ወዲያና ወዲህ ከተበታተነ ቅርጽ ገና አያስፈልግዎትም፤ የፊቱን ጠርዝ፣ የበረዶውን መጠቅጠቅና የገበታውን ማዘንበል በዚህ ቅደም ተከተል ይመርምሩ። ሲሰበሰብልዎት ሁለተኛውን ላሜራ፣ የ0.25 ሚሊሜትሩን፣ ያስቀርጹ።